ግልባጭ ለዐቃቤ ሕግ

ባለፈው ቅዳሜ አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ድሮ ኮፒ ቤት በነበረበት ደጃፍ ፓርክ አድርጌ ከመኪናዬ ሳልወርድ ብዙ ቆየሁ። የሄድኩት ለልጄ ቤት በርበሬ ልገዛ ነበር፤ ዓይኔ ግን እዚያ መስኮት ላይ ቀረ። ኮፒ ቤቱ የአንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነበር። አንዱን ገጽ በአሥር ሳንቲም፣ ሃምሳ ገጽ ካለፈ ደግሞ በስምንት ያነሳልን ነበር፤ በሩን ስትከፍተው የትኩስ ወረቀትና የቀለም ሽታ ይቀበልሃል። ሰውዬው ይሙት፣ ጡረታ ይውጣ አላውቅም። አሁን መስኮቱ ላይ አረንጓዴ የካናቢስ ቅጠል ሥዕል በመብራት ይንቦገቦጋል። ቅጠል! በጠራራ ፀሐይ፣ በር ከፍተው፣ ታክስ ከፍለው ቅጠል ይሸጣሉ። "ይሄ የተፈቀደው ዓይነት ነው" ይሉናል፤ እሺ፣ የተፈቀደው ዓይነት ይሁን። ሁለት ወጣቶች ትንንሽ ከረጢት አንጠልጥለው እየተሳሳቁ ወጡ፤ ከጎኔ መኪናውን ያቆመው ፖሊስ ውስጡ ሆኖ ሳንድዊቹን ይገምጣል፣ ቀና ብሎም አላያቸው። "ወይ ነዶ!" አልኩ ብቻዬን። በዚህ አገር ቅጠልም ዘመድ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህን ስል ነው መስኮቴ የተንኳኳው። ዞር ብል ዘይነባ ናት፣ የድሮ ጎረቤቴ የሙክታር ሚስት። ሰባት ዓመት ሙሉ የሸሸኋት ሴት። ድሮ በኖርንበት በክላርክስተን፣ ሱቅ ውስጥ ሻርፗን ከሩቅ ሳይ ዘይት የምፈልግ መስዬ ወደ ሌላው መደርደሪያ እዞር ነበር፤ ኋላም ልጄ "ብሩክሄቨን እኔ ጋ ና" ሲለኝ ያለ ክርክር ጓዜን የጠቀለልኩት ግማሹ በእሷ ምክንያት ነው። እሷ ግን ፊቷ በራ።

"ጋሽ ንጋቱ! አቦ አንተ አለህ እንዴ? ስንቱን ሰው ጠየቅኩብህ!" አለችኝ። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እነሱ ዘንድ ለትልቅም ለትንሽም አንተ ነው፣ ፍቅራቸው ነው። "ና ውረድ፣ ሻይ ልጋብዝህ። ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ ነው የምፈልግህ። እንደዚያኛው።"

እንደዚያኛው! ደረቷ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ፎልደር ታቅፋለች። ምን እንደመለስኩላት ከመንገሬ በፊት ስለ ያኛው ደብዳቤ መናገር አለብኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ ሁላችንም ክላርክስተን ነበርን፣ ከአትላንታ ዳር ያለች ስደተኛ የሞላባት ትንሽ ከተማ። ጋዝ በጋሎን ሦስት ዶላር ተኩል ያለፈበት፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ግን ገና በስድስት መቶ ምናምን የሚገኝበት ጊዜ ነው። ደረጃው እንጨት ስለሆነ ከላይ ያለው ሰው ሥራ ሊሄድ ሲወርድ ከታች ያለው ይነቃል። ባቡሩ ከተማዋን ለሁለት ሰንጥቆ ሲያልፍ ጩኸቱ ወሬ ያስጥላል፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ በስልክ "ምንድን ነው እሱ?" ብሎ ይደነግጣል። ሶማሌው፣ ኔፓሉ፣ ኮንጎው አንድ የልብስ ማጠቢያ ፊት ተሰልፈን በምልክት እንግባባ ነበር። ደግሞም አንድ ሙሉ ልብስ ነበረን፤ አዎ፣ አንድ፣ ለሁላችን። ጥቁር ነው፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በአሥራ ሁለት ዶላር የተገዛ፣ ማን እንደገዛው እንኳ የተረሳ። ለዜግነት መሐላም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም የሚወጣው እሱ ነው። ረጅሙ እጅጌው አጥሮት፣ አጭሩ ሱሪውን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ሁሉም በእሱ ፎቶ ተነስቷል። ዛሬ ሁሉም በየቁም ሣጥኑ አምስት ስድስት ሱፍ ሰቅሏል፤ የሚዋዋስ ግን የለም።

ሙክታር በዲቪ ነው የመጣው። የኤርፖርት ቫን ይነዳል፤ ከዘይነባና ገና አራት ዓመት ካልሞላት ልጃቸው ከሐናን ጋር ከእኔ ሥር ያለው ቤት ይኖራል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ብቻውን ሲበላ አይቼው አላውቅም። ተሳፋሪ አንድ ሣጥን ኮክ ቢሰጠው ማታውኑ በየበሩ ሦስት ሦስት ፍሬ ያድላል። ቫኑ ውስጥ የድሬ ዘፈን ሲዲ አለው፤ ስለሚዘልል አንዷን ስንኝ አራት ጊዜ ትሰማታለህ፣ እሱም አራት ጊዜ አብሮ ይዘፍናል። እሑድ ከሰዓት፣ እኛ ከቤተ ክርስቲያን እሱ ከሶላት ስንመለስ፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ በርጫ ነው። ለውዝ፣ ኮካ፣ ኳስ በቴሌቪዥን፣ እና ከአገር ቤት በፖስታ የመጣ የደረቀ ጫት። ጣዕሙ መንገድ ላይ የቀረ! "ይሄ ጫት አይደለም አቦ፣ የጫት ፎቶ ነው" ይል ነበር ሙክታር፣ እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ለሁሉም ሲያድል። ለራሱ የሚቀረው እንጨቱ ነው። እኔም የእሑድ ድርሻዬን አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ይህን እወቁልኝ። ክልክል መሆኑን በጭምጭምታ እንሰማ ነበር። ግን አገር ቤት በየመንገዱ ዳር እንደ ጎመን ታስሮ የሚሸጥ ነገር እዚህ ከሄሮይን ጋር አንድ መዝገብ ላይ ይጻፋል ብሎ ማን ያምናል?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፖስተኛ የሚመስል ሰው የሙክታርን በር አንኳኳና "ፈርም" አለው፤ ፈረመ። ጫቱ ያለበትን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ሳያሳርፈው ደረጃው በፖሊስ ጫማ ተናወጠ። ዘይነባ ጩኸቷን ስትለቀው እኔ ከላይ በባዶ እግሬ ወረድኩ። ሙክታር እጁ ወደኋላ ታስሮ፣ ካርቶኑ ላይ "ሻይ ቅጠል" የሚለው ጽሑፍ ወደ እኛ ዞሮ፣ ሐናን ሶፋው ላይ ቆማ ታያለች። ክሱ የተከለከለ ዕፅ ለማከፋፈል በማሰብ መያዝ የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን በዋስ ወጣ።

መንግሥት የመደበለት ጠበቃ ሚስተር ሩበን የሚባል ቀጭን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቡናማ ኮቱ ከመተኮስ ብዛት ያብለጨልጫል፣ ከብብቱ ሥር የስንቱ ሰው ፋይል እንደወጣ እንጃ። አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ፤ በግቢያችን እንግሊዝኛ እችላለሁ የምል እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ነገሩን ለልጅ እንደሚያስረዳ ቀስ አድርጎ ነገረን። "ማከፋፈል" የሚለው ክስ ከጸና ሙክታር ግሪን ካርዱን ያጣል፣ ከአገር ያስወጡታል፣ ተመልሶም አይገባም። ለራሱ ብቻ ነው የያዘው ከተባለ ግን መዳኛ አለው። "ቤቱ ውስጥ ሚዛን አላገኙም፣ ከእሱ ወሰድኩ የሚል አንድም ሰው የላቸውም" አለ። "ዐቃቤ ሕጓን አነጋግሬያለሁ። ክሱን ዝቅ አድርጋ ፕሮግራም ልታስገባው ተስማምታለች። ጥቂት ወር ክላስ ይማራል፣ ሽንቱን ይመረመራል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ሁለት ሳምንት ብቻ ዝም በሉልኝ። ለማንም አታውሩ። ያለ እኔ ወደ ፍርድ ቤት አንድ ወረቀት እንዳይገባ።"

ይህን በገዛ አፌ፣ ቃል በቃል፣ ወደ አማርኛ መለስኩት። በሆዴ ግን ሳቅሁ።

ለምን እንደሳቅሁ ልንገራችሁ። እኔ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት አጥር ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ዱካ። ስንቱን መበለት ከቤቷ እንዳትወጣ አድርጌያለሁ፣ ስንቱን አባት ከልጁ አስታርቄያለሁ። ዳኛ ምን እንደሚያለሰልሰው፣ የቱ ጋ "ክቡርነትዎ" እንደሚባል፣ የቱ ጋ ልጆቹ እንደሚጠሩ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጠበቃ ማለት ለእኔ ሁለት መስመር ጽፎ ሁለት መቶ ብር የሚቀበል፣ እኛን የጃንጥላ ሥር ጸሐፊዎችን የሚጠላ ሰው ነው። "ያለ እኔ ወረቀት አይግባ" ሲል፣ "አይ፣ ይሄም እንደነዚያ እንጀራዬን ነኩብኝ ባይ ነው" አልኩ። በዚያ ላይ እዚህ አገር ምን ሆኜ ነበር? መሐል ከተማ የፓርኪንግ ካሸር፤ የስልክ ዳስ በምታህል ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ለሰው መልስ ቆጥሬ የምሰጥ። አሁን እሷንም ማሽን ተክቷታል። ጻፍልን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሙክታር ጉዳይ ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ አዘንኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

ሦስት ቀን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ። ሙክታር ነጋዴ አለመሆኑን ለዳኛው ማስረዳት ነበር ሐሳቤ። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ "ይህ ሰው ብቻውን በልቶ አያውቅም። የተከሰሰበትን ቅጠል እንኳ ከአገሩ ሲላክለት እስከ መጨረሻዋ ቀንበጥ ለእኛ ለጎረቤቶቹ ያከፋፍለናል እንጂ አንዲት ሳንቲም ተቀብሎን አያውቅም። በየእሑዱ በሩ ለሁላችን ክፍት ነው። እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው በዓይናችን ያየን፣ በእጃችንም የተቀበልን ምስክሮች ነን።" ምን የመሰለ አንቀጽ! ሳነበው የገዛ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከታቹ ሠላሳ ስምንት ሰው፣ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ። አድራሻ የሌለው ፊርማ እኛ አገር ዋጋ የለውማ!

ፊርማውን ስሰበስብ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመስጊዱ በር፣ በኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ዞርኩ። ለሙክታር ነው ስላቸው ማንም እንቢ አላለም። አንድ ብቻ፣ አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ሳይን ካደረገ በኋላ እስክሪብቶውን ሳይመልስልኝ "ጋሼ፣ ግን ይሄን ጠበቃው አይቶታል?" አለኝ።

"ጠበቃው ምን ያውቃል? ሙክታርን እኔ ነኝ የማውቀው!" ብዬ ጮህኩበት። ልጁ አፍሮ እስክሪብቶዬን ሰጠኝ።

ማታ ለባልና ሚስቱ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ዘይነባ አለቀሰች። ሙክታር ራሱን ነቀነቀ። "አቦ ጋሽ ንጋቱ፣ ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?" አለኝ። "አንተ ነህ" አልኩት። ጠበቃው ያለውን አስታወሰኝ፤ "እሱን ለእኔ ተወው" አልኩት፣ ተወልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ዘንድ ማመልከቻ ብቻውን አይሄድም፤ ግልባጭ አለው። ከፊርማው በታች "ግልባጭ" ብለህ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች በሙሉ ትደረድራለህ። ለዚህም ለዚያም መድረሱን ያየ ባለሥልጣን ወረቀትህን መሳቢያ ውስጥ አይቀብረውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ግልባጭ አንድ ማመልከቻ ከእጄ አልወጣም። እና ጻፍኩ። ግልባጭ፦ ለዐቃቤ ሕግ። ለፖሊስ። ለኢሚግሬሽን።

እጄ በተቆረጠ ኖሮ! ኮሪያዊው ሽማግሌ ጋ ሄጄ አምስት አምስት አስነሳሁ፤ ገና ትኩስ ነበር ወረቀቱ። በአውቶቡስ ፍርድ ቤት ሄድኩ፣ በመስኮት አስገባሁ፣ ማኅተም ሲመታበት ልቤ ሞቀ። ደረጃ ወጥቼ የዐቃቤ ሕጓን ጸሐፊ በትሕትና እጅ ነስቼ አስረከብኩ። የኢሚግሬሽኑን በአደራ ደብዳቤ ላክሁ፣ እንዳይጠፋ ብዬ።

በቀጠሮው ቀን ሙክታር ያንን ጥቁር ልብስ ለብሶ መጣ። እጅጌው አጥሮት የእጁ አንጓ ወጥቷል። ዘይነባ ከታች ሐናንን ይዛ ቀርታለች። ሚስተር ሩበን በኮሪደሩ ወደ እኛ ሲመጣ ደብዳቤዬን እጁ ላይ አየሁትና፣ ልናዘዝ፣ ሊያመሰግነኝ መሰለኝ። አጠገባችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ማን ነው የጻፈው?" አለ።

"እኔ" አልኩ።

"ዐቃቤ ሕጓ ስምምነቱን ትታዋለች" አለ። "በነጻ መስጠትም ማከፋፈል ነው። ሕጉ ሳንቲም ተቀበለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ትናንትና አንድ ምስክር አልነበራትም። ዛሬ ሠላሳ ስምንት አላት፣ ከነአድራሻቸው።"

ሙክታር ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ እያየ "ምን አለ? ጋሽ ንጋቱ፣ ምን አለ?" ይለኛል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ጥፋቴን እኔው ተረጎምኩት። ምላሴ እየተሳሰረ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ደግሞም ሰውዬው የቀጠለውን ጨመርኩበት፦ ልከራከር ካለ ይከራከርለታል፤ ግን ዐቃቤ ሕጓ ስማቸው ያለውን ሰዎች አንድ በአንድ ትጠራለች፣ በመሐላ ወሰዳችሁ ወይ ትላቸዋለች።

ሙክታር "እነሱስ? ያ የታክሲው ልጅ የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀለትም። የጎረቤታችን የነአስቴርም አላለቀም" አለ። ጠየቅሁለት። ጠበቃው "እነሱንም ሊነካቸው ይችላል፣ ማረጋገጫ መስጠት አልችልም" አለ።

"በቃ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ በለው።"

"ሙክታር፣ አይሆንም" አልኩት።

"አቦ በለው አልኩህ! ሠላሳ ስምንት ቤት ላፈርስ ነው?" ከዚያ ያቺን ያጠረች እጅጌ አንስቶ ትከሻዬን ያዘኝ። "ስማ። ይሄ ነገር እዚህ ይቅር። ጠበቃው አስፈረመኝ ነው የምላቸው። ለዘይነባም እንደዚያው። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ከሰው ጋር ነው የምትኖረው።"

ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ ፈረመ። ጥቂት ወራት ታሰረ፣ ከእስር ቤቱ በር ኢሚግሬሽን ተረከበው፣ ወደ ደቡብ ጆርጂያ ወሰዱት፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት። ዘይነባ እያጸዳች፣ እያበሰለች፣ ሁለት ሥራ እየሠራች ልጇን ይዛ ቀረች። ጥቁሩ ልብስ በላስቲክ ከረጢት ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሚለብሰው አልተገኘም፤ ዛሬም እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ስንሰበሰብ ወሬው ሁሉ ጠበቃው ነበር። "ጠበቃ ተብዬው! ሸጠው እኮ!" ይላል አንዱ። "ጋሽ ንጋቱ ያን የመሰለ ደብዳቤ ጽፎለት!" ይላል ሌላው። እኔስ? ዝም ብል እንኳ በጎ። "መንግሥት በነጻ ከሰጠው ጠበቃ ምን ትጠብቃላችሁ" አልኩ። በዚህ አፌ አልኩት። ከሁላችን በፊት ነገሩ የገባው፣ ሙክታርን ሊያድነው ጥቂት ብቻ የቀረው ሰው ጠበቃው ነበር፤ ስሙን በየቤቱ አጠፋሁት።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። እሺ ብዬ ወርጄ ተከተልኳት። ዘይነባ ከቅጠል ቤቱ ጎን ካለው የሜክሲኮዎች ዳቦ ቤት ሻይ አዘዘችልኝ። ፎልደሩን ከፈተችው። ከላይ ያው ደብዳቤዬ ነው፣ የኮሪያዊው ኮፒ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። "ሙክታርም አንድ ይዞ ነው የሄደው" አለችኝ። "ድሬ ሱቁ ውስጥ መስታወት አስገብቶ ሰቅሎታል። አትላንታ የፈረመልኝ እያለ ለሰው ሁሉ ያሳያል።" አዲስ ጠበቃ ይዛለች፤ ዕድሉ የመነመነ ነው ብሏታል፣ ግን የሚያውቁት ሰዎች ይጻፉ ብሏል። ሐናን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። "ያ የመጀመሪያው ጠበቃ፣ አላህ የእጁን ይስጠው" አለች ሻዩን ወደ እኔ እየገፋች። "ባያስፈርመው ኖሮ።"

ሰባት ዓመት የተቆለፈ አፌ እዚያ ላይ ተከፈተ። "ጠበቃው አይደለም፣ ዘይነባ" አልኳት። "ደብዳቤው ነው። እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገርኳት። ያከፋፍለናል ያልኩትን፣ የወሰድኩበትን መስኮት፣ ኮሪደሩን፣ እሱ ያለኝን።

ደብዳቤውን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን በፊርማዎቹ ላይ ቁልቁል አወረደች። ከታች ደርሳ ቆመች።

"ይሄ ነው? ግልባጩ?"

"እሱ ነው።"

"ሙክታር ያውቃል?"

"ያን ቀን ተርጉሜ የነገርኩት እኔው ነኝ።"

ወረቀቱን ፎልደሩ ውስጥ መለሰች፣ ቁልፉን ቀጭ አደረገችው። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም፤ ሻዬን ሳየው ቆየሁ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"ደብዳቤውን ሌላ ሰው ይጽፈዋል" አለች።

በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

"በየዓርቡ ይደውላል። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጋሽ ንጋቱን ካገኘሽ ሰላም በይልኝ ሳይል ስልኩን ዘግቶት አያውቅም" አለች። "ይኸው አገኘሁዎት። ሰላም ብሎዎታል።"